እትዬ የሺ እምቢ አላሉም

አየነው የተመደበው ልብስ ማስወለቅ ላይ ነበር። ሲሉት ቀላል ይመስላል። አሰልጣኙ ጃንካርሎ ግን ከመጀመሪያው ቅዳሜ ጀምሮ፣ በቡድኑ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ሥራ እንደሌለ ሳይታክት ሲነግራቸው ከርሟል። «ኬሚካል የፈሰሰበት ሰው አብዛኛውን መርዝ የሚሸከመው በልብሱ ነው» ይላል። «ልብሱን ካወለቃችሁለት ትልቁ ሥራ አለቀ። ካላወለቃችሁለት ግን ከዚያ በኋላ የምታደርጉት ሁሉ ውሃ መውቀጥ ነው።»

ጃንካርሎ ዕድሜውን በእሳት አደጋ ሠራተኛነት ጨርሶ ጡረታ የወጣ፣ ጢሙ የሸበተ፣ ሲቆጣ ታይቶ የማያውቅ ሰው ነው። የሚመራው የበጎ ፈቃደኞች የነፍስ አድን ቡድን በየካቲት ወደ ሰሜን ፊንላንድ ሊሄድ ነበር፤ እዚያ ከሌሎች አገሮች ቡድኖች ጋር ሆኖ፣ ኬሚካል የጫነ ባቡር በበረዶ መሀል ቢገለበጥ ሰው እንዴት እንደሚተርፍ ሊለማመድ። ሮም ውስጥ እንዲህ ያለ ብርድ ከየት ይመጣል? ተፈልጎ ተፈልጎ፣ ከቀለበት መንገዱ ውጭ አንድ የድሮ የዓሣ ማቀዝቀዣ መጋዘን ተገኘ። ባለቤቱ ሥራውን ወደ ሌላ ቦታ ካዛወረ ወዲህ ባዶውን የቆመ ነው። ሞተሩ ሲነሳ ግን ግድግዳው አመዳይ ያበቅላል፣ የሰው ትንፋሽ ጭስ ይሆናል። ውጭ ሰው ጃኬቱን ክንዱ ላይ ጣል አድርጎ ሲሄድ፣ እነሱ ውስጥ ጥርሳቸው ይፋጫል።

የብርዱን ጠባይ ጃንካርሎ እንዲህ ነበር ያስረዳቸው። «ሞቃት አገር ላይ የፈሰሰ መርዝ ይተናል፤ ይሸትሃል፤ ትሸሻለህ። ብርድ አገር ግን መርዙ ይተኛል። ልብስ ላይ ጠብ ብሎ፣ ሳይሸት፣ ሳይተን፣ እንደ ተራ እርጥበት ይቀመጣል። አንተም ምንም የለም ብለህ ተጎጂውን ከነልብሱ ሞቃቱ ድንኳን ውስጥ ታስገባዋለህ። ያን ጊዜ ይነቃል። ሐኪሙንም፣ ተጎጂውንም፣ አጠገቡ የተኛውንም አንድ ላይ ይጨርሳቸዋል።» በውሃ ማጠብም አይሆንም፤ እርጥብ ሰው በዚያ ብርድ ከመርዙ በፊት በብርዱ ይሞታል። ስለዚህ ልብሱን ቀዶ ማውለቅ፣ ቆዳውን በደረቅ ወረቀት መጥረግ፣ እንደ ብር በሚያብለጨልጨው ስስ ልብስ ጠቅልሎ ወደ ድንኳኑ መላክ። ለልምምዱ በመርዙ ፋንታ ጉዳት የሌለው ዘይት ይረጫል፤ ሽታው ለወገብ ሕመም የሚታሸውን ቅባት ይመስላል። በብርዱ ውስጥ አይሸትም ማለት ይቻላል። ሙቀት ሲያገኝ ግን ቤት ይሞላል።

አየነው ይህን ሁሉ ለመረዳት አልተቸገረም። ባሕር ዳር ኬሚስትሪ የተማረ ልጅ ነው። ሮም ከገባ ወዲህ ግን ስለ ኬሚስትሪ የጠየቀው ሰው አልነበረም። መጀመሪያ ስደተኛ መቀበያ ማዕከል፣ ቀጥሎ ከተማው ዳር አናኚና አጠገብ፣ ሰላም ፓላስ የሚሉት ሐበሻ የሞላበት ሕንፃ፣ አሁን ደግሞ ቶር ፒኛታራ ሰፈር ከሌሎች ልጆች ጋር የተከራያት ክፍል፤ ሥራው የመድኃኒት ማጋዚኖ ውስጥ ካርቶን መደርደር ነው። ትከሻው ያስፈልጋል እንጂ ጭንቅላቱን የፈለገው ሰው አልነበረም፤ ጃንካርሎ እስኪመጣ። ወደ ሰሜን ለሚሄደው ቡድን አንድ መቀስ ያዥ ብቻ ነበር የቀረው፤ ወይ እሱ ወይ ጋብሪኤሌ። ጋብሪኤሌ ሳቂታ፣ ጉልበታም የሮም ልጅ ነው፤ እጁ ግን እንደ አየነው አይፈጥንም። አየነው በፕላስቲክ አሻንጉሊት ላይ ሲለማመድ ጃኬትና ሱሪ ቀዶ ለመጣል ትንፋሽ እንኳ አይቀይርም ነበር። ቲቶሎ ዲ ቪያጆው ወጥቶለታል፤ ድንበር የሚያሻግር ወረቀት በኪሱ አለ። ለሁሉም ሰው አውርቷል። የቀረችው የዛሬዋ ልምምድ ናት፤ ማታ ሲበተኑ ጃንካርሎ ስም ይጠራል።

ለዛሬ ደግሞ አሻንጉሊት አይደለም፣ ሰው ነው። ጃንካርሎ፣ «ፋብሪካና መጋዘን ውስጥ አደጋ የሚደርስበት ሰው ሁሉ ጣልያንኛ አይናገርም። የማንግባባቸውን ሰዎች አምጣልኝ» ብሎት አየነው ሰላም ፓላስ ሄዶ ለመነ። ሰዎቹም ለእሱ ሲሉ መጡ።

ከአውቶቡሱ መጀመሪያ የወረደው በዛብህ ነበር፤ ሰላም ፓላስ ውስጥ ፀጉር የሚቆርጥ፣ አፉ የማያርፍ ሰው።

«እህ፣ ፖምፒዬሬው፣ እሳት አጥፊያችን! ዛሬ በምን ልታስገድለን ነው?»

«በቅባት።»

«ቅባት? አዲስ አበባ ስንት ብር ከፍለን ነበር የምንታሸው!»

ከኋላው ልደት የምትባል ሴት፣ ሁለት ልጃገረዶችና ጥቂት ወንዶች፣ ከሁሉም በኋላ እትዬ የሺወርቅ ወረዱ። አየነው ሮጦ ክንዳቸውን ያዘ። ሰላም ፓላስ በገባበት ወቅት ትኩሳት ይዞት ሲቃትት፣ ከጎረቤት ክፍል ወጥተው ግንባሩን በእርጥብ ጨርቅ እያቀዘቀዙ ያስታመሙት እሳቸው ነበሩ። ከዚያ ወዲህ እንደ እናት ነው የሚያያቸው።

«እትዬ፣ እርስዎማ ባይመጡ ይሻል ነበር። ብርድ ነው።»

«ልጄ የሚመረቅ ለት ቤት ልቀመጥ?» አሉ። ካፖርታቸውን ከፈት አድርገው ቡናማ የሱፍ ቀሚስ አሳዩት። «ይኸው፤ ይቀደዳል ስላልከኝ ያረጀውን ነው የለበስኩት። ከሥር የሰጣችሁንን ጥቁር ጥብቅ ልብስ ለብሻለሁ። ማተቤንም ጠዋት ፈትቼ ሥዕሏ ሥር አስቀምጬዋለሁ። ለሥራ ነው ብዬ ነግሬያታለሁ።»

እንግዲህ የቀራቸው ነገር አልነበረም። ለእመቤታችን ሳይቀር ነግረው ነው የመጡት።

ልምምዱ ተጀመረ። ዘይቱ በልብሶቻቸው ላይ ተረጨ፤ በመጋዘኑ ወለል ላይ እዚህም እዚያም ወደቁ። ለእያንዳንዳቸው ሕመማቸውን የሚናገር ካርድ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። የእትዬ የሺ ካርድ «መራመድ አትችልም» ይላል። በዛብህ ካርዱ ላይ «ሳል» ብቻ ተጽፎ ሳለ፣ «ኧረ ወገን! ሞትኩ! ለእናቴ ንገሩልኝ!» እያለ መጋዘኑን አናጋው።

«እናትህ በሕይወት የሉም እኮ!» ጮኸች ልደት ተኝታ።

«ታዲያ መንገድ ላይ ነኝ፣ ራሴ እነግራታለሁ!»

አየነው በመከላከያ ቱታውና በጭምብሉ ውስጥ የሚሰማው የገዛ ትንፋሹ ነበር። ጓንቱ በብርዱ ደርቋል። የበዛብህን ሱሪ ከቁርጭምጭሚት እስከ ወገብ ቀደደው፤ ጃኬቱን ከፊት ሰንጥቆ ወደ ውጭ ጠቀለለው፤ ጠረገው፤ ላከው። «ቀስ! ቀስ በል፣ ገና የማገባ ሰው ነኝ!» እያለ ሄደ በዛብህ። ቀጥሎ አንድ ወጣት። እንደ አሻንጉሊቱ ነው፣ ምንም ልዩነት የለውም። ከዚያ ቃሬዛው ላይ እትዬ የሺ መጡ።

ካፖርታቸውን አወለቀ። ጫማቸውን አወለቀ። መቀሱን ወደ ቀሚሱ ጫፍ አስጠጋ። ቀና ሲል ፊታቸውን አየው። በትዕግሥት፣ ጥርስ የሚነቅል ሐኪም ፊት እንደተቀመጠ ሰው፣ ወደ ላይ እያዩ ይጠብቃሉ። ከኋላው ተራ የሚጠብቁት ያገሩ ልጆች ቆመዋል። እናቱን የሚያህሉ ሴት ቀሚስ፣ በሰው ፊት፣ ከታች እስከ ላይ። ከሥር ሌላ ልብስ እንዳላቸው ያውቃል። ጠዋት አይቶታል። እጁ ግን አልታዘዝ አለው። መቀሱ ተከፍቶ ቀረ።

«ቀሚሱስ?» አሉ እትዬ የሺ ከጭምብሉ ሥር እንዲሰማቸው ጮክ ብለው።

«ይበቃል እትዬ፣ ይበቃል።»

ብርማውን ልብስ ከነቀሚሳቸው ጠቅልሎ፣ ቃሬዛውን ወደ ድንኳኑ ገፋው። ቀጣዩን ተጎጂ ሲቀበል እጁ እንደገና እንደ ድሮው ፈጠነ።

ድንኳኑ ውስጥ ማሞቂያው ይነዳል። ተጎጂዎቹን የምትቀበለው ኢርማ ናት፤ የሆስፒታል ነርስ፣ በቡድኑ ውስጥ ብቸኛዋ ሴት። እዚያ የሚገባው የጸዳ ሰው ነው ስለሚባል ጭምብል አላደረገችም። ብዙም አልቆየ። የድንኳኑ በር ተገለጠና ኢርማ ብቅ አለች፤ እጇን አፍንጫዋ ላይ አድርጋለች።

«አሎራ፣ ሞተናል» አለች። «እኔም ሞቻለሁ። ሁሉም ሞተዋል። ሽታው ዓይን ያስለቅሳል።»

ጃንካርሎ ፊሽካውን ነፋ። ሁሉም ጭምብላቸውን አውልቀው፣ ተጎጂዎቹም ብርድ ልብስ ተከናንበው፣ በድንኳኑ ዙሪያ ተሰበሰቡ። ከብርማው ልብስ ሥር ቡናማው ቀሚስ ይታያል። ማስረጃ አላስፈለገውም።

«እኚህን ያሳለፈ ማን ነው?»

«እኔ ነኝ» አለ አየነው።

«ለምን ከነልብሳቸው?»

እውነቱ አጭር ነበር። እጄ እምቢ አለኝ፤ ከሦስት ቃል አያልፍም። ግን ጋብሪኤሌ አጠገቡ ቆሞ ነበር፤ የየካቲቱ ጉዞ ነበረ፤ ለሁሉም ያወራው ወሬ ነበር። አፉ ከልቡ ቀደመ።

«እምቢ አሉኝ» አለ በጣልያንኛ። «በእኛ ባህል ትልቅ ሴት በወንድ ፊት ልብሷን አታወልቅም። አፈሩ። አስገድጄ ልቀድ አልቻልኩም።»

እትዬ የሺ ጣልያንኛ እንደማይሰሙ አድርጎ ነው የተናገረው። ስንት ዓመት ሙሉ ባዳንቴ ሆነው የሮም ሽማግሌና አሮጊት ሲያስታምሙ የኖሩ ሴት መሆናቸው፣ ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው ትዝ ያለው።

ጃንካርሎ ወደ እሳቸው ጎንበስ አለ። «ሲኞራ፣ እውነት ነው? አፍረው ነው?»

እትዬ የሺ አየነውን አዩት። ረጅም ማየት አልነበረም። ከዚያ ወደ ጃንካርሎ ዞሩ።

«ሲ» አሉ። «አፍሬ ነው።»

በዛብህ ሳለ። ካርዱ ላይ የተጻፈለትን ሳል ጠዋት አልሳለም ነበር፤ አሁን ሳለ። ሌላው ሐበሻ ሁሉ ወለሉን ማየት ጀመረ። ያገር ልጅ ገመና በፈረንጅ ፊት አይገለጥም።

ጃንካርሎ ቢቆጣ ይሻል ነበር። እሱ ግን ራሱን ወቀሰ። «ጥፋቱ የኔ ነው» አለ። «የሰውን ክብር ሳልጠይቅ ነው ሥርዓት ያወጣሁት። ከዛሬ ጀምሮ እንዲህ ያሉ ሴቶች በሴት እጅ ብቻ ነው ልብሳቸው የሚወልቀው። ሴት አዳኝ እስክትደርስላቸው ለብሰው ይጠብቃሉ። ከሰዓት በኋላ እንሞክረዋለን፤ ሰሜንም ይዘነው እንሄዳለን። ሌሎቹም ቡድኖች ይማሩበት።» ከዚያ አየነውን ትከሻው ላይ መታ አደረገው። «አንተም ታስረዳቸዋለህ። እንዲህ ያለውን ነገር ከአንተ በቀር ማን ያውቅልናል?»

ጋብሪኤሌ እጁን ዘረጋ። «ኮምፕሊሜንቲ፣ እንኳን ደስ ያለህ» አለው ከልቡ። «የሚገባህ ነው።»

አየነው ጨበጠው። የጨበጠበትን እጅ የት እንደሚያደርገው አላወቀም።

ምሳ ላይ የቡድኑ ሰዎች ፓኒኖ አደሉ፤ ፕሮሹቶ የሚባል ስስ ሥጋ የገባበት ዳቦ። ጾሙ ጾመ ነቢያት፣ ሥጋውም የአሳማ ነበርና ሐበሾቹ አብዛኞቹ ፕሮሹቶውን እያወጡ ዳቦውን በቲማቲም በሉ። በዛብህ ጴንጤ ስለሆነ በየሰዉ እየዞረ ፕሮሹቶ ይሰበስባል። አየነው ጋ ሲደርስ ቆመ።

«አየነው፣ እስኪ አንድ ነገር ላስቸግርህ። ሱሪዬን እስከ ወገቤ ስትቀደው፣ ባህሌ የት ሄዶ ነበር?»

አየነው ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ ያዘ።

«አይ፣ ላውቅ ብዬ ነው። ምናልባት ምሳ ወጥቶ እንደሆነ።»

«በዛብህ፣ ተወው» አሉ እትዬ የሺ።

«እንዴት እተወዋለሁ እትዬ? ማተብዎን ፈትተው መጥተው! እኛን ሁሉ በጨለማ የምንኖር አስመስሎን እኮ ነው! ያቺ ነርስ አሁን ስታየኝ ሰላም ልትለኝ ፈራች፤ ባህሌን እንዳትነካብኝ!»

አንዳንዶቹ ሳቁ። እትዬ የሺ አልሳቁም። «ልጅ ነው፣ ደነገጠ» አሉ። «ታዲያ በሰው አገር ሰው ፊት ላዋርደው? ለዚህ ነው የመጣሁት?»

አየነው ይቅርታ ሊላቸው አፉን ከፈተ። እሳቸው ግን ፓኒኗቸውን ለሁለት ከፍለው ግማሹን ሰጡት። «ብላ። ካርቶን ተሸክመህ ያደርክ ልጅ ነህ።»

ያን ግማሽ ዳቦ ጠቅልሎ ኪሱ ከተተው። አሁን ሄዶ ለጃንካርሎ ቢነግረው ያልቃል ብሎ አሰበ። ቢነግረው ግን ሐሰተኛው እሱ ብቻ አይሆንም፤ እትዬ የሺም «ሲ» ብለዋል። እንግዲህ እሳቸውን ላለማዋረድ ነው ዝም የምለው አለ ለራሱ። ሰው ራሱን ሲያታልል ምክንያት አያጣም። ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት ይኸው ነው።

ከሰዓት በኋላ፣ ጠዋት የተቀደደው ልብስ በፕላስተር ተያይዞ ተለበሰና በአዲሱ ሥርዓት ተጀመረ። ወንዶቹ በአየነውና በጋብሪኤሌ መቀስ ቶሎ ቶሎ እያለፉ ወደ ሙቀቱ ሄዱ። ሴቶቹ ግን በግድግዳው ጥግ አግዳሚ ላይ፣ ዘይት የተረጨ ልብሳቸውን እንደለበሱ፣ ኢርማን መጠበቅ ነበረባቸው። ኢርማ ደግሞ ድንኳኑ ውስጥ ያለውን ሥራ ለሌላ አስረክባ፣ ቱታ ለብሳ፣ ጭምብል አጥብቃ፣ ጓንቷን አሽጋ እስክትመጣ ድረስ ጊዜ ይወስዳል። ልጃገረዶቹ እየዘለሉ እጃቸውን ያፋትጋሉ። የእትዬ የሺ ካርድ ግን መራመድ አትችልም ይላል፤ እሳቸውም እንደ ካርዱ ቃሬዛው ላይ ተኝተዋል። ጃንካርሎ ጠዋት ለሁሉም ተናግሮ ነበር፤ በእውነት የበረደው ወይ የከፋው ሰው «ባስታ» ብሎ ይጩህ፣ ሁሉ ነገር ይቆማል ብሎ።

አየነው ሰው እየቀደደ በጭምብሉ መስታወት ያያቸዋል። መጀመሪያ እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ አደረጉ። ቀጥሎ ጉልበታቸውን ሰበሰቡ። እንደገና ሲያይ ከንፈራቸው አመድ መስሏል፣ አገጫቸው ይንቀጠቀጣል። ባስታ አላሉም። ኢርማ ወጣች፤ መጀመሪያ የደረሰችው ልደት ጋ ነበር፤ እሷን ጀመረች። እትዬ የሺ አሁንም ባስታ አላሉም። ያኔ ነው አየነው የገባው። አፍሬ ነው ብለዋል፤ እንግዲህ ቃላቸውን እየጠበቁ ነው። የእሱን ውሸት በዚያ ብርድ ውስጥ ተኝተው እየጠበቁለት ነው።

ሰሜን ሄዶ የሚያስረዳው ይህንን ነው። በእውነተኛ በረዶ፣ በእውነተኛ መርዝ መሀል፣ እትዬ የሺን የመሰለች ሁሉ ጥግ ላይ ትቀመጥ ብሎ ነው የሚያስተምረው።

ተራው የደረሰውን ሰው ለጋብሪኤሌ ትቶ ሄደ። ከኋላው አንድ ሰው ጠራው፤ አልዞረም። ቃሬዛው አጠገብ ተንበረከከ።

«እትዬ፣ ልቅደድ?»

መልስ ለመስጠት ጥርሳቸውን መግጠም አቃታቸው። ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። ከዚያ እንደ ምንም፣ «እን... እንዳስተማሩህ አድርግ» አሉ።

ካፖርታቸውን አወለቀ። የቀሚሱን ጫፍ ይዞ ከጉልበት ወደ ላይ፣ እስከ አንገት፣ በአንድ መስመር ሰነጠቀው። የዘይቱ ፊት ወደ ውስጥ እንዲሆን ወደ ጎንና ጎን ጠቀለለው፤ ከሥራቸው ሳበና ከረጢት ውስጥ ጣለው። እጃቸውን፣ አንገታቸውን፣ እግራቸውን በደረቅ ወረቀት ጠረገ። በጥቁሩ ጥብቅ ልብስ ውስጥ ቀጭን፣ ተራ አሮጊት ነበሩ እንጂ ሌላ ምንም አልነበሩም። ምን ነበር ጠዋት የፈራው? ብርማውን ልብስ ጠቀለለላቸው፤ ቃሬዛውን በሩጫ ገፋው።

ፊሽካ ተነፋ።

ጃንካርሎ ሞቃቱ ድንኳን በር ላይ ደረሰበት። «ምን እያደረግክ ነው? ሥርዓቱን ያወጣነው በአንተ ቃል እኮ ነው!»

አየነው ጭምብሉን አወለቀ። ላቡ በብርዱ ፊቱ ላይ ጨው ሆኗል። «እምቢ አላሉም» አለ። «ጠዋት እምቢ አላሉም። እንዲያውም ቀሚሱስ ብለው አስታውሰውኛል። እኔ ነኝ ያፈርኩት። ባህል ያልኩት ውሸቴን ነው። እንዳልቀር ፈርቼ ነው።»

ጋብሪኤሌም መጥቶ ቆሟል። ሐበሾቹም ድንኳኑ ውስጥ ብርድ ልብሳቸውን ተከናንበው ይሰማሉ። ከዚያ ጃንካርሎ አየነው የፈራውን አደረገ፤ ወደ እትዬ የሺ ዞረ።

«ሲኞራ፣ ታዲያ ለምን ሲ አሉኝ?»

ማሞቂያው ሥር ተቀምጠው ትኩስ ሻይ በሁለት እጃቸው ይዘው ነበር። እትዬ የሺ አንገታቸውን ደፉ። አየነው ካወቃቸው ጀምሮ አንገታቸውን ሲደፉ አይቷቸው አያውቅም ነበር።

«እንደ ልጄ ነው» አሉ በጣልያንኛ፣ በጣም ቀስ ብለው። «ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ጃንካርሎ ይቅርታ የሚጠየቅ ሰው አልመሰለም፤ ፊቱ ቀላ። አጠገባቸው ተንበርክኮ ብርድ ልብሳቸውን አስተካከለና ተነሣ። ለሁሉም እንዲሰማ፣ የከሰዓቱ ሥርዓት እንደተሰረዘ፣ ከዛሬ በኋላ ሰው ወንድ ይሁን ሴት እንደደረሰ ልብሱ እንደሚወልቅለት ተናገረ፤ የሚያፍር ካለ ራሱ ይጠየቃል እንጂ ማንም አይናገርለትም አለ። አየነውን ወደ ውጭ ጠራው።

ውጭ ፀሐይ ነበረች። ከብርዱ ወጥተው ሲቆሙ ሁለቱም ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«እጅህ መቆሙ ምንም አይደለም» አለ ጃንካርሎ። «እኔም ቆሞብኝ ያውቃል። የምንለማመደው እኮ ለዚያ ነው። ግን ከሰዓት በኋላ ሰው ብርድ ላይ ያስተኛነው በሌለ ነገር ላይ ተመሥርተን ነው። እዚያ ላይ ቆሜ፣ በበረዶ መሀል፣ የምትነግረኝን ማመን አለብኝ። ሌላ ማረጋገጫ የለኝም።»

«ገብቶኛል።»

«ጋብሪኤሌ ይሄዳል።»

«ቫ ቤኔ፣ እሺ» አለ አየነው።

«ቅዳሜ ና» አለው ጃንካርሎ። «ቡድኑን አልለቀቅክም።» ገባ።

ወደ አናኚና በሚመለሰው አውቶቡስ ላይ በዛብህ እንኳ ጋዜጣ ያነበበ መሰለ። አየነው እትዬ የሺ አጠገብ ተቀመጠ። ሌሎቹ ቅያሪ ልብሳቸውን ለብሰዋል፤ እሳቸው ግን ቅያሪ አልያዙም ነበር። ቀሚሱ ከረጢት ውስጥ ቀርቷል፤ ካፖርታቸውም ዘይት ስለነካው በላስቲክ ታስሮ እግራቸው ሥር ነው። ኢርማ ጃኬቷን አልብሳቸዋለች፤ ከጃኬቱ በታች ብርማው ልብስ ወገባቸው ላይ እንደ ሽርጥ ታስሮ፣ አውቶቡሱ በነቀነቀ ቁጥር ሻሽ ሻሽ ይላል። ፊት ለፊት የተቀመጡ ጣልያኖች እየሰረቁ ያያሉ። እትዬ የሺ ቀጥ ብለው መስኮቱን ያያሉ።

«እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

«የቱን?»

«ሁሉንም።»

«ሁሉንም ብሎ ይቅርታ የለም» አሉ። ፊታቸውን ወደ እሱ አላዞሩም። «ጠዋት ዋሸህ፤ ሸፈንኩህ። መጥፎ ነው፣ ግን ያልቃል። ከሰዓት ደግሞ ተነሣህና እውነት ተናገርክ። ጎሽ። ግን እኔን አንድ ቃል ጠየቅከኝ? እንዲህ ልል ነው እትዬ፣ ብለህ ሹክ አልከኝ? በአንድ ቀን ውስጥ ዓይነ አፋር አሮጊት አደረግከኝ፣ ቀጥለህ ውሸታም አሮጊት አደረግከኝ። ሁለቱንም ሳትጠይቀኝ።»

ቀሚሱን ሲቀድ ፈቃድ ጠይቋል። ስማቸውን ሲቀድ ግን አልጠየቀም ነበር። እውነት መናገሩ ያነጻዋል ብሎ ነበር፤ እነሆ እፍረቱ ከጠዋቱ ይልቅ ከብዶ ተቀመጠበት።

ጥቂት ከሄዱ በኋላ፣ «ቅዳሜ እመጣለሁ» አሉ። «ያ ሽማግሌ አሰልጣኝህ ለምኖኛል። ግን አንተ ጋ አልተኛም። ያ ሳቂታው ጋ ነው የምተኛው።»

«ጋብሪኤሌ ጋ?»

«እሱ ቀሚስ ነው የሚያየው። አንተ ፊቴን ታያለህ።» ብርማውን ልብስ ጉልበታቸው ላይ ሰብሰብ አደረጉት። «ሙያውን ስታውቅበት ያን ጊዜ እንተያያለን።»

ሰላም ፓላስ በር ላይ ሲደርሱ ሰው ተሰብስቦ ነበር። ዜናውን ሲጠብቁ የዋሉ ጎረቤቶች ናቸው። ከሁሉ ቀድመው የመጡት ይርጋ የሚባሉ የአሮጌ ጫማ ነጋዴ፣ የእትዬ የሺን አለባበስ አይተው ተሳለቁ። «የሺ! ምን ሆነሽ ነው፣ እንደ ቸኮላታ ጠቅልለው የመለሱሽ?» ከዚያ ወደ አየነው ዞሩ። «እህስ ልጄ? ተመረጥክ?»

እትዬ የሺ አፋቸውን ሲከፍቱ አየነው አየ። ገና አልታወቀም ሊሉ ነው፤ ወይም ሰሞኑን ይነግሩታል። ከንፈራቸው ላይ ደርሷል። በብርድ የደረቀ ከንፈር ነው።

«አልተመረጥኩም» አለ ቀድሟቸው። «በራሴ ጥፋት ነው፣ አባባ ይርጋ። ዋሽቼ ተያዝኩ።»

እንዲህ ያለ መልስ የጠበቀ አልነበረም። አቶ ይርጋ ምን እንደሚሉ ጠፍቷቸው ባርኔጣቸውን አወለቁና መልሰው ደፉት። አየነው ጆሮው ድረስ ጋለ። እትዬ የሺን ለማየት ድፍረት አላገኘም። የሰማው ብርማው ልብስ ሻሽ ሲል ነው፤ ወደ ደረጃው እየሄዱ ነበር።

«ለአቶ ይርጋ ማን ሁሉንም ንገር አለህ?» አሉ ሳይዞሩ። «ና፣ ይህን ካፖርት ተሸከምልኝ። ይሸታል።»